ቅዳሜ በቅዳሜ የሚረዝም መንገድ

ሚስቴ ስትደውል ዱከምን አለፍ ብዬ፣ አስፋልት ዳር፣ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር።

"ደረስክ?" አለችኝ።

"እየደረስኩ ነው" አልኳት።

ውሸቴን ነው። እጄ ይንቀጠቀጣል። እግሬ የሌላ ሰው ይመስለኛል። ሳይክሉ አጠገቤ በጎኑ ተጋድሟል። ከቢሾፍቱ ወደ ጎሮ እየተመለስኩ ነው፤ የመንገዱን ግማሽ እንኳ አልደረስኩም። ግንቦት 2016 ዓ.ም ነው፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ተኩል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ኪሴ ውስጥ ያለው አንድ የተጨማደደ ማስቲካ ብቻ ነው።

ብዙዎቻችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ የምለጥፋቸውን ፎቶዎች እያያችሁ "እንዴት ነው ይሄን ሁሉ መንገድ የምትነዳው? እኔም መጀመር እፈልጋለሁ" ብላችሁ በውስጥ መስመር ትጠይቁኛላችሁ። ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላልቻልኩ እዚህ ልጻፈው። ከዚያ ድንጋይ የጀመርኩት ግን ሆን ብዬ ነው። ፎቶ ላይ የማይታየው እሱ ነዋ!

ወደኋላ ልመለስ። ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ነኝ። ቢሮ የለኝም፣ ቋሚ ደመወዝ የለኝም፤ ወንበር ግን አለኝ። ጠዋት ቤት፣ ከሰዓት ዋይፋይ ያለው ካፌ፣ ማታ ደግሞ እንደገና ቤት፣ እቀመጣለሁ። በቀን አራት አምስት ማኪያቶ እጠጣለሁ። ጥር 2016 ላይ ራስ ምታቱ ሲደጋገምብኝ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄድኩ። ግፊቴን ለካችኝ፤ እንደገና ለካችኝ፤ አረፍ በል ብላ ለሦስተኛ ጊዜ ለካችኝ። 155 በ100። ዕድሜዬ 34 ነው። ሐኪሟ "በቤተሰብ አለ?" ስትለኝ ቶሎ መመለስ አቃተኝ። አባቴ በ57 ዓመቱ በስትሮክ ነው የሞተብን።

ኪኒን ጻፈችልኝ። ጨው ቀንስ፣ ቡና ቀንስ፣ ተንቀሳቀስ አለችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። እኔ ስለዚህ ጉዳይ ከዚያ በፊት ለጋዜጣ ጽፌ አውቃለሁ። ለሰው ጽፌ ለራሴ አንድ ደቂቃ አልነበረኝም።

ለምን ሳይክል? ባሕር ዳር ነው ያደግኩት። የባሕር ዳርን ጠዋት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በእኔ ልጅነት ሳይክል የልጅ መጫወቻ አልነበረም፤ ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ ገበያ የምትሄደው እናት፣ ሁሉም ይነዳል። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ ነበር። በፈረቃው ሰዓት ሳይክሉን አውጥቶ፣ የሱሪውን እግር ካቴናው እንዳይበላበት በልብስ መቆንጠጫ ይዞ፣ እኔን ከፊት ብረቱ ላይ አስቀምጦ ትምህርት ቤት ያደርሰኝ ነበር። ባጃጅ ሲበዛ ሳይክሉን ተወው። በዚህ ምክንያት ሞተ አልልም፤ ጨውም ይወድ ነበር፣ ንዴትም ነበረበት። ሐኪሟ ተንቀሳቀስ ስትለኝ ግን ጂም አልታየኝም። ያ የልብስ መቆንጠጫ ነው የታየኝ።

አዲስ አበባ ላይ ግን ሳይክል ሌላ ትርጉም አለው። ወይ ሰፈር ሜዳ ላይ በሰዓት የሚከራይ የልጆች ነገር ነው፣ ወይ ስፖርተኛ ነህ፣ ወይ ደግሞ አልሞላልህም። መርካቶ ያገለገለ ባለ ማርሽ ሳይክል ልገዛ ሄጄ ሻጩ "ልጅህ ስንት ዓመቱ ነው?" አለኝ። ለራሴ ነው ስለው እንደገና አየኝና ዋጋውን ቀነሰልኝ፤ ያዘነልኝ መሰለኝ። እናቴ በስልክ "ልጄ፣ መኪናው ቀርቶ ሳይክል ገባህ?" አለችኝ። እሷ እንኳ፣ የባሕር ዳሯ!

የሚገርመው፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደችው በሩጫና በብስክሌት ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ እነ ገረመው ደንቦባ ብስክሌት ሲወዳደሩ አበበ ቢቂላ ገና አልታወቀም፤ የሮሙ ድል የመጣው ከ4 ዓመት በኋላ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ታሪኩ አለን ማለቴ ነው። አዋቂ ሰው ሳይክል ላይ ሲታይ "ምን ነካው?" የምንለው ታሪክ አጥተን አይደለም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ 7 ኪሎ ሜትር ነዳሁ። ከጎሮ አይሲቲ ፓርክ ደርሶ መልስ፣ ትንሽም ዞር ዞር። ሳል፣ ላብ፣ የመቀመጫ ሕመም። ሰኞ ወንበር ላይ በጎኔ ነበር የምቀመጠው። ጉልበቴንም ያመኝ ነበር፤ ይህን የፈታልኝ ሐኪም ሳይሆን የሰፈራችን ጎሚስታ ነው። ጎማ ሊነፋልኝ ሲቀበለኝ መቀመጫውን አየና "ይሄ ለአሥር ዓመት ልጅ ነው የተስተካከለው" ብሎ ከፍ አደረገው። ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርገህ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርህ ቀጥ ማለት አለበት፤ ከዚያ በእግርህ ፊት ስትረግጥ ጉልበትህ ትንሽ ታጠፍ ትላለች። ይኸው ነው። ከፋይ ሳይክለኛ ገንዘብ ከፍሎ የሚያስለካውን ነገር በነጻ አገኘሁት።

በስድስት ሳምንት ውስጥ ትልቁ ጉዞዬ 18 ኪሎ ሜትር ደረሰ። ጥሩ ነበር። እዚያ ላይ ነው ያበላሸሁት።

አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራሁለት ጽሑፍ ክፍያዬን ሁለት ወር ሙሉ "ነገ" እያለ ያመላልሰኝ ነበር። ዓርብ ማታ እንደገና "ሰኞ" አሉኝ። የቤት ኪራይ ደርሷል። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ጠዋት ተነሳሁና ለማንም ሳልናገር ወደ ቢሾፍቱ ነዳሁ። ንዴት ነዳጅ ይመስላል። ከጎሮ ቱሉ ዲምቱ፣ ከዚያ በድሮው መንገድ ዱከም፣ ከዚያ ቢሾፍቱ። ወደ 35 ኪሎ ሜትር ነው። በበረራ ነው የሄድኩት ማለት ይቻላል፤ ጀግና መሰልኩ። ያላሰብኩት ነገር ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ግድም መሆኗን፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 በላይ መሆኑን ነው። የወረድኩትን መውጣት አለብኝ። ሲሄድ የነዳው ቁልቁለቱ ነው፣ እኔ አልነበርኩም። ቁርስ አልበላሁም። አንድ ግማሽ ሊትር ውኃ ብቻ ይዣለሁ። ሕዝቡ "ቀይ ሽብር" የሚላቸው ገልባጭ መኪኖች በጎኔ ሲያልፉ ነፋሳቸው ያወዛውዘኛል።

ጠንክሮ የሚሠራ ጡንቻ ያከማቸውን ስኳር በአንድ ሰዓት ተኩል፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊጨርሰው ይችላል። ሲያልቅ ቀስ ብሎ አይደለም። መብራት እንደሚጠፋው ነው። ያ ድንጋይ ላይ ያስቀመጠኝ እሱ ነው። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ቆመልኝ። ሹፌሩ ሳይክሉን ከላይ አስሮ፣ እኔን ጋቢና አስገብቶ፣ ሙዝ ገዝቶ አበላኝ። ገንዘብ ብሰጠው አልቀበልም አለኝ። ብቻ ሲያወርደኝ "ወንድሜ፣ ከቤት ተጣልተህ ነው?" አለኝ።

ሦስት ሳምንት ጉልበቴ አብጦ ሳይክሉን አልነካሁም። ሚስቴ አልተቆጣችም፤ የሚከብደው እሱ ነው። አንድ ቀን ማታ ብቻ "የአባትህን ነገር ለእኔ አትድገምብኝ" አለችኝ። ምን ትላላችሁ? እኔም ምንም አላልኩም።

ከዚያ በኋላ ነው ለአንድ ዘገባ ሳነጋግረው የተዋወቅኩትን የሩጫ አሰልጣኝ የደወልኩለት። ሳቀብኝ። "እናንተ አማተሮች ቀላሉን ቀን ከባድ ታደርጉታላችሁ፣ ከዚያ ከባዱን ቀን ትቀራላችሁ" አለኝ። የነገረኝ ነገር ብዙ አልነበረም። ኪሎ ሜትር አትቁጠር፣ ሰዓት ቁጠር፤ ዳገትና ጭቃ ያለበት 15 ኪሎ ሜትርና የአስፋልት 15 ኪሎ ሜትር አንድ አይደሉም። እየነዳህ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻልክ ፈጥነሃል፤ እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ያነሰ ነውና ሳንባህን አትገፋው። በየሳምንቱ ጨምር፣ ግን ጥቂት ጨምር። ሦስት ሳምንት ከጨመርክ በአራተኛው ቀንስ።

ይህ አራተኛው ሳምንት ነው ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ። ስትችል መቀነስ! ጥቅምት ላይ ሁለት ሰዓት ነድቼ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ሰዓት ከሩብ ብቻ ነድቼ ስመለስ የተሸነፍኩ መሰለኝ። ቤት ገብቼ ሰዓቱን ሳየው ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ልጄ እንኳ አልተነሳችም። ቁርስ አብረን በላን። በኋላ ሲገባኝ ጉልበት የሚሠራው በዚያ ሳምንት ነው።

ክረምቱን በአጭር በአጭሩ አስፋልት ላይ አሳለፍኩት። የኮሪደር ልማቱ ወደ ሰፈራችን የብስክሌት መንገድ ይዞ መምጣቱ መልካም ነው፤ ሞተር ይገባበታል፣ ዕቃ ይዘረጋበታል፣ ማታ ማታ ግን የሰፈሩ ልጆች ይሞሉታል። ለረጅም ጉዞ አይሆንም። ለመጀመሪያዎቹ 5 ኪሎ ሜትሮች፣ ለመጀመር ለሚፈራ ሰው፣ ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ሚስቴ የተማረችው እዚያ ላይ ነው።

መስከረም 2017 ላይ ወደ ገጠሩ መንገድ ወጣሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የምወደው ይህንን ነው።

ከጎሮ በፊጋ በኩል ወጥታችሁ ቦሌ አራብሳን ስታልፉ ኮንዶሚኒየሙ ድንገት ያልቅና ማሳ ይጀምራል። ፊት ለፊት የረር ተራራ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚቆም፣ የጠፋ እሳተ ገሞራ። ከጎሮ ሁልጊዜ ይታያል፤ አምስት ዓመት ሙሉ ከመስኮቴ ሳየው ሥዕል ነበር የሚመስለኝ፤ ሊደረስበት የሚችል ቦታ መሆኑ አልታየኝም ነበር። በመካከል የገበሬና የከብት መንገድ አለ፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽንብራ። መስከረም ላይ ዳር ዳሩ አደይ ነው።

አፈሩ ግን መረሬ ነው። ደረቅ ሲሆን ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ እንደ ሊጥ ይይዛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስገባበት ጎማው አሥር ጊዜ እንኳ ሳይዞር በጎማውና በፍሬኑ መካከል ጭቃ ተጠቅጥቆ ቀጥ አለ። ሳይክሉን ተሸክሜ ወጣሁ። አሁን ዓርብ ማታ ዝናብ ከነበረ ቅዳሜ አስፋልት ነኝ፤ ክርክር የለም። አንድ እንጨት ደግሞ ሁልጊዜ ከመቀመጫው ስር ታስሯል፣ ጭቃ መፋቂያ። ውሻም አለ። ከውሻ ለማምለጥ አትፍጠኑ፤ ውረዱ፣ ሳይክሉን በእናንተና በእሱ መካከል አድርጉ፣ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፤ ባለቤቱ ይጠራዋል። የማታውቁት አቅጣጫ ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። መንገዱንም፣ ሰላሙንም። ብቻዬን አዲስ መንገድ ገብቼ አላውቅም፤ ከሰፈር አንድ ወጣት አለ፣ ዴሊቨሪ የሚሠራ፣ አብሮኝ ይወጣል። ለእሱ ቅዳሜ እንኳ ሳይክል ላይ መውጣት ማለት ሥራ ላይ ሥራ ነው፤ "ዕቃ ሳልይዝ ስነዳ እኮ ይቀለኛል" ይላል።

መንገዱ ሁለት የሚሆንበት ቦታ አንድ ግራር አለ። እዚያ ጥላ ስር አንዲት እናት ቆሎ ይዘው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ቀን የእኔ መመለሻ እሱ ነበር፤ ከዚያ በላይ አቅም አልነበረኝም። "አካም ቡልታን" አልኳቸው፤ ኦሮምኛዬ እዚያው ያልቃል፤ በአማርኛ መለሱልኝ። ውኃ ሰጡኝ፣ ቆሎ ገዛሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እሳቸውን አልፌ አሥር ደቂቃ ነድቼ ተመለስኩ። በሌላው ሃያ። ስመለስ "ዛሬስ ከየት ተመለስክ?" ይሉኛል። "ከወንዙ።" "ከቤተ ክርስቲያኑ።" "ከተራራው ሥር።" ስልኬ ላይ ኪሎ ሜትር የሚቆጥር መተግበሪያ አለ፤ እውነቱን ለመናገር ግን የእኔ መለኪያ እሳቸው ነበሩ።

አንድ ቀን ልጃቸው ምን እንደሚሠራ ጠየቅኳቸው። ኮንዶሚኒየም ሳይት ላይ ጥበቃ ነው። ማሳቸው የነበረበትን ቦታ በእጃቸው አሳዩኝ፤ ወደ ሕንፃዎቹ። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን መንገድ "ትሬል" ማለት ይከብደኛል። እኔ ለግፊቴ የምነዳበት መንገድ ለእሳቸው ውኃ የሚቀዱበት፣ ከብት የሚነዱበት ነው። ጥር ላይ ስሄድ የመንገዱ አንድ ክፍል በቆርቆሮ ታጥሯል። በሌላ በኩል ዞርኩ፤ ጉዞዬ በ3 ኪሎ ሜትር ረዘመ። እኔ ዞርኩ፤ ለከብቱ ግን በዚያ በኩል ሣር የለም።

ስለ ስንቅ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ውድ የሆኑትን የፈረንጅ ጄልና ዱቄት አልሞከርኩም። በሶ ነው። ማታ በማርና በትንሽ ውኃ አሽቼ፣ ጨው ነካ አድርጌ፣ እንደ እንቁላል እያድቦለቦልኩ በላስቲክ እጠቀልላለሁ። በየግማሽ ሰዓቱ ሳይርበኝ አንድ። ሳይርብ የሚለው ነው ቁም ነገሩ፤ ከራበህ ዘግይተሃል። ወታደሩም ነጋዴውም ሩቅ አገር የሄደው በዚህ ነው። ደግሞ የጾም ነው፤ በሁዳዴም ቢሆን ቅዳሜና እሑድ ጠዋት እህል አይከለከልም።

መጋቢት 2017 ላይ፣ ሁዳዴ ውስጥ፣ ቢሾፍቱ እንደገና ሄድኩ። በዚያ ጊዜ አራት ሰዓት ሙሉ ሳይክል ላይ መዋል ለምጃለሁ። ለሚስቴ ነገርኳት፣ ሰዓት ነገርኳት፣ ስልኬ ያለሁበትን እንዲያሳያት አደረግኩ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ወጣሁ። ቁልቁለቱን ፍሬን እየያዝኩ በዝግታ ወረድኩት። ሆራ ሐይቅ ዳር አረፍ ብዬ በሶዬን በላሁ፤ ፎቶ አነሳሁ፤ ያያችሁት እሱ ነው። ስመለስ ያቺን ድንጋይ ፈለግኳት። አላገኘኋትም። ዱከም አካባቢ አስፋልት ዳር ያሉ ድንጋዮች ሁሉ አንድ ናቸው። ቤት ስገባ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነበር። ደክሞኛል፤ ደረጃውን ግን በእግሬ ወጣሁ። ሽሮ በላሁ፣ ተኛሁ።

ባለፈው ወር ግፊቴ 128 በ82 ነበር። ሐኪሟ ኪኒኑን ቀነሰችልኝ እንጂ አላቆመችልኝም፤ እናንተም ሳይክል ስለገዛችሁ መድኃኒት እንዳታቆሙ። ጨውም ቀንሻለሁ፣ ማኪያቶውም ሁለት ሆኗል፤ የትኛው ምን ያህል እንደሠራ መለየት አልችልም። ያ መሥሪያ ቤትም በመጨረሻ ከፈለኝ፤ እሱም ሳይረዳ አይቀርም።

ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ "የአባትህ ሳይክል እኮ ጓዳ ውስጥ አለ" አለችኝ። አላውቅም ነበር፤ የተሸጠ ነበር የመሰለኝ። "ጎማው አልቋል፣ ካቴናው ዝጓል። ወንድምህ በአውቶቡስ ይጫንልህ?"

እኔ ካቴና መለወጥ እችላለሁ አልኳት።